171,476 ቃላትና 288 ትርጉሞች

የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም በ1989 ሲታተም 20 ጥራዝ፣ 21,730 ገጽ ሆኖ ወጣ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ከነወራቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሃያው ጥራዝ አንድ ላይ ሚዛን ላይ ቢወጣ ከ62 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በውስጡ ዛሬም በአገልግሎት ላይ ያሉ 171,476 ቃላት፣ ዘመን ያለፈባቸው ደግሞ 47,156 ቃላት ራሳቸውን ችለው ተተንትነዋል። ፍቺው፣ ታሪኩና የአጠቃቀም ምሳሌው ሲደመር 59 ሚሊዮን ቃል ይሆናል። ይህም በ1611 የታተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከዳር እስከ ዳር 75 ጊዜ እንደ መገልበጥ ነው።

በደቂቃ 250 ቃል የሚያነብ ሰው በቀን 8 ሰዓት ቢቀመጥ፣ አንድም ሰንበት ሳያርፍ፣ ይህን መጽሐፍ ለመጨረስ 492 ቀን ይፈጅበታል። ይህ እንግዲህ ለንባብ ብቻ ነው። ልሸምድደው ያለ እንደሆነ ሒሳቡ ይከፋል። በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ በዓል የለ፣ ክረምት የለ፣ በየቀኑ 10 አዲስ ቃል ቢያጠና በአገልግሎት ላይ ያሉትን ብቻ የሚጨርሰው 54 ዓመት ሲሞላው ነው። እሱም ያጠናውን አንዱንም ካልረሳ።

እንግሊዝኛ ባሕር ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ባሕሩን በጭልፋ ለመጨረስ የተነሳ ተማሪም በየሰፈሩ አለ። በደብተሩ ጀርባ መስመር አስምሮ ቃሉን በግራ፣ ፍቺውን በቀኝ ይደረድራል። የአምሳሉ አክሊሉን የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ይዞ ከኤ ይጀምራል። ሲ ላይ ሳይደርስ ይተወዋል። አይፈረድበትም፤ ከኤ ጀምሮ መውረድ መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጁትንም ሰዎች አስጨንቋል። ጄምስ መሪ በ1879 ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ጋር ሲዋዋሉ ሥራው በ10 ዓመት ያልቃል ተብሎ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1884፣ የመጀመሪያው ክፍል ሲታተም የደረሰው "አንት" ላይ ነበር፤ ጉንዳን ማለት ነው። መሪ በ1915 ሲሞቱ ሥራው ገና አላለቀም። ያለቀው በ1928 ነው።

ይሁንና እዚህ ድረስ የተቆጠረው ቁጥር ሁሉ የሚያስፈራራ እንጂ የሚያስቸግር አይደለም። ከ171,476ቱ ቃላት አብዛኞቹን እንግሊዞቹ ራሳቸው ሳያውቋቸው ኖረው ይሞታሉ። እንግሊዝኛ ተማሪን የሚያስቸግረው በሌላው ጫፍ ነው፤ ሁለትና ሦስት ፊደል ባላቸው፣ ሁሉም ሰው አውቃቸዋለሁ በሚላቸው ቃላት።

አሥሩ ቃላት

ኦክስፎርዶች ከ2 ቢሊዮን በላይ ቃል ያለው የዘመናዊ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ሰብስበው በኮምፒዩተር አስቆጠሩ። ጋዜጣው፣ ልብ ወለዱ፣ የሕግ ሰነዱና የኢንተርኔቱ ወሬ አንድ ላይ ገባ። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ክምችት ኮርፐስ ይሉታል። ውጤቱ ሲወጣ አሥር ቃላት ብቻ፣ ማለትም ዘ፣ ቢ፣ ቱ፣ ኦቭ፣ ኤንድ፣ ኤ፣ ኢን፣ ዛት፣ ሃቭ እና አይ፣ ከጠቅላላው ሩቡን ይዘው ተገኙ። ከየትኛውም የእንግሊዝኛ ገጽ ላይ አራት ቃል ብትነኩ አንዱ ከእነዚህ አሥር አንዱ ነው ማለት ነው።

ወደ ላይ ስንወጣ ቁጥሩ እንዲህ ይሄዳል። 100 ቃላት ግማሹን ይሸፍናሉ። 1,000 ቃላት 75 በመቶ ይደርሳሉ። 90 በመቶ ለመድረስ 7,000 ያስፈልጋል። 95 በመቶ ለመድረስ ደግሞ 50,000። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ እዩአቸው፤ 43,000 ተጨማሪ ቃል የሚገዛልን 5 በመቶ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቃላት ግን ብቻቸውን 25 በመቶ ገዝተዋል።

ይህ የኦክስፎርድ ክምችት የፈጠረው አጋጣሚ አይደለም። የሃርቫርዱ ምሁር ጆርጅ ኪንግስሊ ዚፍ ገና ኮምፒዩተር ሳይኖር ሕጉን ጽፎት ነበር። በአንድ ቋንቋ ሁለተኛው ተዘውታሪ ቃል የአንደኛውን ግማሽ ያህል፣ ሦስተኛው ሲሶውን ያህል ይመጣል። በብራውን ዩኒቨርሲቲ በ1961 ከታተሙ የአሜሪካ ጽሑፎች አንድ ሚሊዮን ቃል ተሰብስቦ ሲቆጠር "ዘ" 69,971 ጊዜ፣ "ኦቭ" 36,411 ጊዜ፣ "ኤንድ" 28,852 ጊዜ መጡ። በዚያው ክምችት ውስጥ ወደ 50,000 የሚጠጉ ልዩ ልዩ ቃላት ሲገኙ ግማሽ ያህሎቹ በሚሊዮኑ ውስጥ ብቅ ያሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ታዲያ 1,000 ቃል ሸምድዶ 75 በመቶ መረዳት ይቻላል ማለት ነው? አይደለም። 75 በመቶ ማወቅ ማለት ከአራት ቃል አንዱን አለማወቅ ነው፤ እንዲህ ሆኖ የሚያነብ ሰው እየገመተ ነው እንጂ እያነበበ አይደለም። የቃላት ትምህርትን ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት የኒውዚላንዱ ፖል ኔሽን በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከ50 ቃል 49ኙን እያወቁ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ፣ ንግግር ለመከታተል ደግሞ ከ6,000 እስከ 7,000 እንደሚያስፈልግ አስልተዋል። የቃል ቤተሰብ የሚሉት አንድን ቃል ከነእርባታውና ከነቅጥያው ነው። ስለዚህ መንገዱ ረጅም መሆኑ አልቀረም። ጥያቄው ከየት ይጀመር የሚለው ነው።

60,000 ቃል ለአንዲት ቃል

እነዚያ ጥቂት ቃላት ያን ሁሉ ቦታ መያዛቸው ያለ ዋጋ አልሆነም። በብዛት የሚሠራ ቃል ብዙ ሸክም ይሸከማል።

በ1989ኙ እትም ውስጥ ከሁሉ የረዘመው ትንታኔ የተሰጠው "ሴት" ለምትባለው ግሥ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ናት። 430 ትርጉም ተቆጥሮላታል። እነሱን ለማብራራት 60,000 ቃል አስፈልጓል። በ1611ዱ እንግሊዝኛ የማቴዎስ፣ የማርቆስና የዮሐንስ ወንጌል ተደምረው 58,000 ቃል አይሞሉም። አንዲት ባለ ሦስት ፊደል ግሥ ከሦስት ወንጌል የበለጠ ተጽፎላታል።

ክብረ ወሰኑ ደግሞ ተሰብሯል። ለሦስተኛው እትም "ራን" እንደገና ሲተነተን፣ በ2011፣ በግሥነቱ ብቻ 645 ትርጉም ተገኘለት። ሥራውን የያዘው የኦክስፎርድ ባለሙያ ፒተር ጊሊቨር ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። ሰው ይሮጣል፤ ወንዝ ይወርዳል፤ ሞተር ይሠራል፤ አፍንጫ ይረጥባል፤ ቀለም ይለቃል፤ ፖለቲከኛ ለምርጫ ይወዳደራል፤ ባለ ሱቅ ሱቁን ያስተዳድራል፤ አውቶቡስ በመስመሩ ይመላለሳል። በእንግሊዝኛ ሁሉም "ራን" ነው። እኛ ለስምንቱም የየራሱን ግሥ አውጥተናል።

እንግሊዝኛ እዚህ የሚያበዛውን እዚያ ይቆጥባል። "ፑት" የምትለዋን ግሥ ውሰዱ። በዓለም ላይ ያላት መልክ ሦስት ብቻ ነው፤ ፑት፣ ፑትስ፣ ፑቲንግ። ትናንት ቢሆን፣ ዛሬ ቢሆን፣ እኔ ብሆን፣ እነሱ ቢሆኑ መልኳ ያው ነው። የእኛ "ሰበረ" በኃላፊ ጊዜ ብቻ ስምንት መልክ አለው፤ ሰበርኩ፣ ሰበርክ፣ ሰበርሽ፣ ሰበረ፣ ሰበረች፣ ሰበርን፣ ሰበራችሁ፣ ሰበሩ። ተሰበረ፣ አሰበረ፣ ሰባበረ፣ ተሰባበረ እያልን ስንሄድ ቁጥሩ ለመያዝ ይከብዳል። አማርኛ ለተማሪው የሚከብደው በመልክ ነው፤ መልኩን ያወቀ ትርጉሙን አገኘ። እንግሊዝኛ መልኩን በነጻ ይሰጣል፤ ክፍያውን በትርጉም ይቀበላል።

ከግሥ በኋላ የምትመጣ ትንሽ ቃል

ክፍያው የሚበዛው ደግሞ እነዚህ አጫጭር ግሦች ከአጫጭር ተከታይ ቃላት ጋር ሲጣመሩ ነው፤ አፕ፣ አውት፣ ኦፍ፣ ኦን፣ ዳውን፣ ባክ። በየክፍሉ "ፍሬዛል ቨርብ" ተብለው የሚጠሩት ናቸው። ከጥምረቱ የሚወጣው ትርጉም ከሁለቱም ቃላት ላይገኝ ይችላል። "ጊቭ" መስጠት ነው፤ "አፕ" ወደ ላይ ነው፤ "ጊቭ አፕ" ግን ተስፋ ቆርጦ መተው ነው።

ጉዳዩን በመጀመሪያ ከታዘቡት አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ይህን ስም የኢትዮጵያ አንባቢ በሌላ መንገድ ያውቀዋል። ኢየሱሳዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ወደ አቢሲኒያ ስላደረገው ጉዞ የጻፈውን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው፣ በ1759 ደግሞ የአቢሲኒያውን መስፍን የራሴላስን ታሪክ የደረሰው እሱ ነው፤ ራሴላስን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ጆንሰን በ1755 ብቻውን ማለት በሚቻል ሁኔታ ያወጣው መዝገበ ቃላት 42,773 ቃላት ይዟል። "ፑት" ለምትባለው ሦስት ገጽ፣ ከ5,000 ቃል በላይ ሰጣት። "ቴክ" ደግሞ 134 ፍቺ፣ አምስት ገጽ፣ 8,000 ቃል ወሰደች። በመግቢያውም ላይ ለውጭ አገር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ግሥ ከተከታይ ቃል ጋር ሲጣመር የሚፈጠረው መሆኑን ገለጸ። ከ270 ዓመት በኋላም የተለወጠ ነገር የለም።

ዛሬ ለተማሪዎች ተብለው የሚዘጋጁ የፍሬዛል ቨርብ መዝገበ ቃላት ከ5,000 እስከ 6,000 የሚሆኑ ጥምረቶችን ይይዛሉ። ዲ ጋርድነርና ማርክ ዴቪስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከእንግሊዝ የተሰበሰበ የ100 ሚሊዮን ቃል ክምችት በኮምፒዩተር አበጥረው በ2007 ያገኙት ቁጥር ከዚያም ይበልጣል። 12,508 የተለያዩ ጥምረቶች 518,923 ጊዜ ተከስተዋል። ይህ በአማካይ በየ193 ቃሉ አንድ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በሳይንስ መጽሔት በወጣ ጥናት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቀን በአማካይ 16,000 ቃል ያህል ይናገራሉ ተብሏል። ሁለቱን ብናገናኛቸው ከ80 የሚበልጥ ፍሬዛል ቨርብ በየቀኑ ከአንድ ሰው አፍ ይወጣል። ክምችቱ 90 በመቶው ጽሑፍ ስለሆነና ፍሬዛል ቨርብ ደግሞ በጨዋታ ላይ ስለሚበዛ፣ እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ሳያልፍ አይቀርም።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው፤ "ጎ ኦፍ"። ማንቂያ ሰዓቱ "ጎ ኦፍ" አደረገ ሲባል ጮኸ ማለት ነው። መብራቱ "ጎ ኦፍ" አደረገ ሲባል ጠፋ ማለት ነው። አንዱ ጀመረ፣ አንዱ ቆመ፤ ቃሉ ግን አንድ ነው። ቦምቡ ከሆነ ፈነዳ። እንግሊዝ አገር ወተቱ ከሆነ ተበላሸ። ሰውየው ከሆነ ጥሎ ሄደ። ያው ሰውዬ ቡና ላይ "ጎ ኦፍ" ካደረገ ደግሞ ቡና አስጠላው ማለት ነው። ስድስት ትርጉም በሁለት ቃል፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።

ተቃራኒውም አለ። "ኢን" ውስጥ ነው፣ "አውት" ውጭ ነው፤ "ፊል ኢን" እና "ፊል አውት" ግን ሁለቱም ቅጽ መሙላት ናቸው። "ፓስ አውት" ራስን መሳት ነው፣ "ፓስ አወይ" ማረፍ ነው። ከሆስፒታል ስልክ ሲደወል በእነዚህ ሁለት ተከታይ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የሞትና የሽረት ነው።

ቤተ መንግሥትና ጓዳ

እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ ጣጣ ከየት አመጣው? ከታሪኩ ነው። "ጌት" እና "ቴክ" ባሕር ተሻግረው እንግሊዝን ከወረሩትና ከሰፈሩባት ቫይኪንጎች የተወረሱ ናቸው፤ "ጎ"፣ "ካም"፣ "ሴት" እና የመሳሰሉት ከዚያም በፊት የነበሩ የአገሬው ቃላት ናቸው። በ1066 የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን ሲይዝ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የችሎት ልሳን ሆነ፤ ላቲን የቤተ ክህነቱንና የሊቃውንቱን ቦታ ይዞ ቀጠለ። አጫጭሮቹ ግሦች በጓዳና በእርሻ ቀሩ። በ1973 የታተመ ጥናት የ80,000 እንግሊዝኛ ቃላትን ዘር ቆጥሮ 28 በመቶው ከፈረንሳይኛ፣ ሌላ 28 በመቶው ከላቲን፣ ከእንግሊዝኛ የራሱ የጀርመናዊ ወገን ደግሞ 25 በመቶው ብቻ እንደመጣ አሳይቷል። ከመቶዎቹ በጣም ተዘውታሪ ቃላት መካከል ግን ጥቂቶቹ ሲቀሩ ሁሉም የአገሬው ወይም የቫይኪንጎቹ ናቸው።

በዚህ የተነሳ እንግሊዝኛ ለብዙ ነገር ሁለት ቃል አለው። መታገስ በወግ ልብሱ "ቶለሬት"፣ በጓዳ ልብሱ "ፑት አፕ ዊዝ" ነው። መመርመር "ኢንቨስቲጌት" ወይም "ሉክ ኢንቱ"። ማስተላለፍ "ፖስትፖን" ወይም "ፑት ኦፍ"። መሰረዝ "ካንስል" ወይም "ኮል ኦፍ"።

የእኛ ተማሪ የሚያውቀው የቱን ነው? ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ባለወጉን። በኢትዮጵያ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርት ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መጻሕፍት የተሞሉት በላቲንና በግሪክ ዘር ቃላት ነው። ፎቶሲንተሲስን ከነደረጃዎቹ የሚተነትን ልጅ "ፊገር አውት" ሲባል ግራ ይገባዋል። ፈተናው ሲጠይቀው የኖረው ሌላውን እንግሊዝኛ ነው፤ ጓዳው በፈተና አይመጣም።

ጓዳው የሚመጣው ኑሮ ሲጀመር ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ አበሻ ዋና ሥራው በሁለት ፍሬዛል ቨርቦች መካከል ነው፤ ደንበኛ "ፒክ አፕ" ያደርጋል፣ "ድሮፕ ኦፍ" ያደርጋል። ፖሊስ ሲያስቆመው የሚሰማው "ፑል ኦቨር" ነው። ቃል በቃል ከተፈታ ስበህ በላይ እንደማለት ነው፤ ትርጉሙ ግን መኪናህን ዳር አስይዝ ነው። ወንድሙ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ሲገባ "ክሎክ ኢን"፣ ሲወጣ "ክሎክ አውት" ያደርጋል። እህቱ ልጇን ሐኪም ቤት ስትወስድ ነርሷ የምትጠይቃት ልጁ "ስሮው አፕ" አድርጎ እንደሆነ ነው። "ቮሚት" የሚለውን ከትምህርት ቤት ታውቀዋለች፤ "ስሮው" መወርወር መሆኑንም ታውቃለች። ልጁ ግን ምንም አልወረወረም።

ሁለቱን እንግሊዝኛዎች ሳናስተውል የቀላቀልንበት ጊዜም አለ። ሜካፕ፣ ፒካፕ፣ ቼካፕ፣ ፑሻፕ፣ ስታርታፕ፣ ቴካዌይ፣ ሎጊን እንላለን። ሁሉም ፍሬዛል ቨርብ የነበሩ፣ በእንግሊዝኛ ስም ሆነው ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። እንግሊዝኛ አልችልም የሚል ሰው እንኳ ከእነዚህ አንዳንዶቹን ይናገራል።

18 ግሥ ይበቃል ያሉት ሰው

የትንንሾቹን ቃላት ጉልበት ከሁሉ በላይ ያመነበት ሰው እንግሊዛዊው ቻርልስ ኬይ ኦግደን ነው። በ1930 "ቤዚክ ኢንግሊሽ" የተባለ ባለ 850 ቃል እንግሊዝኛ አወጣ። 600 የነገር ስሞች፣ 150 ቅጽሎች፣ የቀሩት 100 ቃላት ደግሞ ዐረፍተ ነገሩን የሚያንቀሳቅሱ ነበሩ። በእነዚህ 100 ውስጥ ያሉት ግሦች 18 ብቻ ናቸው። ዊንስተን ቸርችል በመስከረም 1943 ሃርቫርድ ላይ ንግግር ሲያደርጉ ሐሳቡን በይፋ ደገፉት።

በ18 ግሥ ኑሮን ሁሉ መናገር እንዴት ይቻላል? ምስጢሩ ፍሬዛል ቨርብ ነው። መግባት "ጎ ኢን"፣ እሳት ማጥፋት "ፑት አውት"፣ እጅ መስጠት "ጊቭ አፕ"፣ መቀጠል "ጎ ኦን" ሆነ። በወረቀት ላይ 850 ቃል ብቻ ነው፤ በተማሪው ጭንቅላት ውስጥ ግን እያንዳንዱ ጥምረት ራሱን የቻለ አዲስ ቃል ነው። ለእንግሊዝ ቀላል፣ ለውጭ ሰው ከባድ የሆነ ቋንቋ ወጣ።

የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ሌላውን መንገድ መረጠ። በጥቅምት 19 ቀን 1959 "ስፔሻል ኢንግሊሽ" የተባለ ፕሮግራም ጀመረ፤ 1,500 ቃል ገደማ፣ አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ቀስ ያለ ንባብ፣ ፈሊጥ የሌለበት። በአጭር ሞገድ ከሚያዳምጡት መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። ለጆሮ ጥሩ መለማመጃ ነበር። ጎዳናው ግን ፈሊጡን አልተወም።

ቁጭ አለ፤ ማን ምን አለ?

እስራኤል ውስጥ ተደርጎ በ1985 የታተመው የዳጉትና የላውፈር ጥናት በሰፊው ይጠቀሳል። ዕብራይስጥ ተናጋሪ የሆኑ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ፍሬዛል ቨርብና ባለ አንድ ቃል ግሥ ቀርቦላቸው ሲመርጡ ፍሬዛል ቨርቡን ይሸሹ ነበር። አጥኚዎቹ የሰጡት ምክንያት ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ አሠራር የለውም የሚል ነው። ዕብራይስጥ ሴማዊ ነው፤ እንደ አማርኛ በፊደላት ሥር ላይ ቃል የሚያረባ ነው። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪም እንዲሁ ቢሸሽ አይገርምም።

አማርኛ ግን አንድ ነገር ይለየዋል። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ዝም አለ፣ ጠጋ አለ፣ ከፍ አለ፣ ፈገግ አለ እንላለን። "አለ" ለብቻው መናገር ነው። "ቁጭ" እና "ብድግ" ለብቻቸው በዐረፍተ ነገር አይቆሙም። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ "ቁጭ አለ" ሲባል ሰውየው ምን ብሎ ተናገረ ብሎ ቢጠይቅ ልክ ነው። ሁለት ቃል ተጣምሮ ከሁለቱም ያልወጣ ትርጉም መስጠት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ነው።

አንድ ግሥ ብዙ መሸከሙም እንደዚሁ። ታክሲ ያዝኩ፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ ቀጠሮ ያዝን፣ ቂም ያዘ፣ መስመሩ ተያዘ፣ ዝናቡ ያዘን እንላለን። የ"ያዘ"ን ትርጉም በደብተር ጀርባ ደርድሮ የሸመደደ አማራም ኦሮሞም ጉራጌም የለም። አማርኛን ያደገበትም ሆነ ገበያ የተማረው እያንዳንዱን ከነዐረፍተ ነገሩ ሰምቶ ነው የያዘው።

ከ12,508 ወደ 150

ወደ መጨረሻው ቁጥር እንምጣ። ጋርድነርና ዴቪስ 12,508 ጥምረቶችን ቆጥረው ሲያበቁ ስርጭቱን አዩት፤ እዚህም የዚፍ ሕግ ነገሠ። 25 ጥምረቶች ብቻ ከጠቅላላው አጠቃቀም ወደ ሲሶ የሚጠጋውን፣ 100 ጥምረቶች ደግሞ ከግማሽ በላይ ያዙ። ከላይ የተቀመጡት "ጎ ኦን"፣ "ካሪ አውት"፣ "ሴት አፕ" እና "ፒክ አፕ" ናቸው። ጥሩ ዜና ነበር፤ ግን መቶዎቹ በመዝገብ ሲታዩ 559 ትርጉም ተቆጠረባቸው፤ ለአንዱ ከ5 በላይ ማለት ነው።

ያን የትርጉም ክምር ሜሎዲ ጋርኒዬና ኖርበርት ሽሚት የተባሉ ተመራማሪዎች በ2015 ቀነሱት። 150 በጣም ተዘውታሪ ፍሬዛል ቨርቦችን ወስደው ለእያንዳንዱ የትኛው ትርጉም በእርግጥ ይሠራበታል ብለው በኮርፐስ ፈተሹ። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም ቢያንስ 75 በመቶውን የሚሸፍኑትን ትርጉሞች ብቻ አስቀርተው የቀረውን አራገፉ። የተረፈው 288 ትርጉም ነው። ለአንድ ጥምረት በአማካይ ሁለት እንኳ አይሞላም።

171,476 ቃላት አንድን ልጅ እስከ 54 ዓመቱ ያስቀምጡታል። 288 ትርጉሞች ግን በየቀኑ ሁለት ቢያዙ በ144 ቀን ያልቃሉ። የቃል ቁጥር ይብዛ ብሎ መሽቀዳደም ለተማሪውም ለመምህሩም ኪሳራ ነው። አስቀድሞ መያዝ ያለበት ብዙ የሚሠራው ትንሹ ቃል ነው፤ ረጃጅሞቹ ከትምህርት መጻሕፍቱ ጋር በየተራቸው ይመጣሉ።

ስለዚህ ልጆቻችሁን ለምታስጠኑ፣ በየክፍሉ ለምታስተምሩ፣ ራሳችሁም ውጭ አገር ለመሄድ ለምትዘጋጁ የምንለው ይህ ነው። "ጊቭ አፕ" ማለት መተው ብላችሁ በግራና በቀኝ አትደርድሩ። ሰው የሚናገረው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብታችሁ ያዙት፤ "ያዘ"ን እንደያዛችሁት። "ጎ ኦፍ"ን ከማንቂያ ሰዓቱ ጋር አንድ ቀን፣ ከመብራቱ ጋር ሌላ ቀን አጥኑት፤ በአንድ ቀን ስድስቱንም አትሞክሩ። ድምፃችሁን አውጥታችሁ በሉት፤ የጓዳ ቃል በዐይን ብቻ አይያዝም። መምህራንም ከ"ኢንቨስቲጌት" ጎን "ሉክ ኢንቱ"ን ጻፉላቸው፤ በፈተናም ጠይቋቸው። ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው።

በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን በሁለት ትርጉም የጀመረ ሰው አንድ ቀን ሳይዘል ከሄደ ጥር 24 ቀን 288ኛውን ይጨርሳል።